መቅደላ ላይ ግንቡ የታለ?

የሰኞ ገበያው፦
ሰላም ወገን። ባለፈው ከጓደኞቼ ጋር ከደሴ ተነስተን በተንታ በኩል መቅደላ ወጣን። እውነቱን ልናገር፣ ቅር ብሎኛል። ጎንደርን ስላየሁ እዚያም ግንብ የማገኝ መስሎኝ ነበር። ያየሁት ገደል፣ ሜዳና አንድ መድፍ ነው። ቤተ መንግሥቱ ፈርሶ ነው ወይስ ድሮም አልነበረም?

የተንታ ልጅ፦
አብሽር፣ ግንቡ የቆምክበት ተራራ ራሱ ነው። ዙሪያውን ገደል፣ ታች የበሽሎ ወንዝ፣ መግቢያው እንደ ኮኬት በር ያለ ጠባብ በር፤ ከዚህ በላይ ምን ግንብ ያስፈልጋል? ቤቶቹ የሳር ክዳን ነበሩ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሰዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘርፎ አቃጠለው። ዘረፋውን ለመጫን 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ ነው የፈጀው፣ ከዚያ ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሻሻጡት። ታዲያ ምን ይትረፍልህ?

ባለ በቅሎው፦
«አንድ መድፍ» ብለህ ማለፍህ ግን አናዶኛል 😀 ሴባስቶፖል እኮ ነው! ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የተሠራ፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝን ብረት። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጅቷል። የጅዳና የበሽሎን ገደል ለማሳለፍ መንገዱን እየቆረጡ ነበር የሚሄዱት፣ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ ያነሱ ነበር። በተንታ ስለመጣህ ነው የቀለለህ፤ በደላንታ በኩል በእግርህ ወርደህ ብትወጣ መድፉን ትስመው ነበር።

ወሎዬ ነኝ፦
ሁልጊዜ ቴዎድሮስ ብቻ! አምባው እኮ በ1848 በእሳቸው እጅ ከመግባቱ በፊት የወሎዎች ነበር። ምኒልክ 10 ዓመት ገደማ እዚያ ታስረው በ1857 ሲያመልጡ፣ በግዛታቸው ያሳለፏቸው የወሎዋ ወይዘሮ ወርቂት ናቸው። የወርቂት የገዛ ልጅ እዚያው አምባ ላይ እስረኛ ነበር። ቴዎድሮስ በንዴት አስገደሉት። እኔ ገደሉን ባየሁ ቁጥር የምትታወሰኝ ያቺ እናት ናት።

የሰኞ ገበያው፦
ኧረ አላህ! ያስጎበኘን ሰው ስለ ወርቂት ትንፍሽ አላለም። እሺ፣ ተመልሼ ልሄድ ነው፣ አሁን በደላንታ በኩል። መቼ ይሻላል?

የተንታ ልጅ፦
በእግር ከሆነ ክረምት ሳይገባ። በሽሎ ከሞላ አያሻግርህም።