«ሬቭል»፦ የዓመፅ ዘመድ የሆነ ደስታ

ጥያቄ፦ አንድ ልብ ወለድ እየተረጎምኩ «ሬቭል» የሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ ደጋግሞ ይመጣብኛል። መዝገበ ቃላቱ «ተደሰተ፣ ተዝናና» ይላል፤ እኔን ግን አላረካኝም። መግለጥ ከሚለው «ሪቪል» ጋርስ ዝምድና አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከ«ሪቪል» ጋር አይዛመድም። ያኛው የመጣው መጋረጃ ከሚል የላቲን ቃል ነው፤ መጋረጃውን መግፈፍ ማለት ነው። የ«ሬቭል» የሥጋ ዘመድ ዓመፀኛው «ሬበል» ነው። ሁለቱም የላቲኑ «ሬቤላሬ» ልጆች ናቸው። «ቤሉም» ጦርነት፣ «ሬ» ደግሞ እንደገና ማለት ነው፤ ተሸንፎ የገበረ ሕዝብ ዳግም ጦር ሲያነሳ የሚባል ነበር። በጥንታዊው ፈረንሳይኛ በኩል ሲያልፍ «በ» ወደ «ቨ» ላላች፤ ትርጉሙም ከዓመፅ ወደ ሁከት፣ ከሁከት ወደ ጫጫታና ጭፈራ ሄደ። እንግሊዝኛ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሁለቱንም ይጠቀም ነበር። ኋላ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በዚሁ ቃል የሚጠራ የፈንጠዝያ ሹም ነበረው። በ1579 የተሾመው ኤድመንድ ቲልኒ በ1581 ቴአትር መርምሮ የመፍቀድና የመከልከል ሥልጣን ተሰጠው (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ስለዚህ «ተዝናና» አይበቃውም። እኔም አንድ ጊዜ «በአዲሱ ነፃነቷ ተዝናናች» ብዬ ጽፌ ጮክ ብዬ ሳነበው፣ ሴትዮዋ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ሻይ ስትጠጣ ታየችኝ። «ፈነጠዘች» ስለው ብድግ አለች። በሰው ውድቀት ለሚደሰተው ግን «ጮቤ ረገጠ» የሚያህለው የለም።

ሌላ መልስ፦ በእኛም ቋንቋ ደስታና መፈታት አይራራቁም። የአዲስ አበባ ልጆች «ዛሬ ፈታ እንበል» የሚሉት ያው የታሰረን ከመፍታት የመጣ ነው። ለልብ ወለድ ግን የሰፈር ወሬ ያስመስለዋል። «ተንፈላሰሰ» እና «ተምነሸነሸ» ደግሞ ምቾትና ሀብት ይሸታሉ፤ ዓመፁ የለባቸውም። ጥጃ ከታሰረበት ሲለቀቅ ጅራቱን ሰቅሎ ግቢውን ሲዞር አይታችኋል? እሱ ነው «ቦረቀ»። ለነፃነቷ እኔ «ቦረቀች»ን እመርጣለሁ።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። «ቦረቀች»ን ከአባቷ ቤት ለወጣችበት ምዕራፍ ወሰድኩት፤ ለሠርጉ ሌሊት «ፈነጠዙ» ይሁን።