የአባቴ በልጅግ፦ ለረጅም ዓመታት የያዛችሁት ምን ታዝባችኋል?

የአምባሰሉ ልጅ

የተከበራችሁ ወንድሞች፣ እህቶችና አባቶች፣ ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ። አባቴ ባለፈው ዓመት ካረፉ በኋላ አርባ ዓመት ያህል በእጃቸው የኖረው በልጅግ ጠመንጃ ለእኔ ደርሶኛል፤ ፈቃዱን ወደ ስሜ የማዛወሩ ጉዳይም በወረዳችን ፖሊስ በኩል ተጠናቋል። ጠመንጃው በቃታ (በእጅ ወደ ኋላና ወደ ፊት በሚሳበው መዝጊያ ብረት) የሚጎርስ፣ ባለ አምስት ጎራሽ፣ 7.92 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚበላ ሲሆን፣ ከጥይት ማጉረሻው ፊት ለፊት ብረቱ ላይ የአንበሳ ምልክት ተቀርጾበታል። እኔ ያደግሁት ወንጭፍና ጅራፍ ይዤ ማሽላ ስጠብቅ ስለሆነ፣ አባቴ ይህን መሣሪያ እንዴት ይንከባከቡት እንደነበር በቅርብ አላየሁም፤ ልጠይቃቸው ባሰብኩበት ጊዜም አልነበሩም።

አሁን ሳየው የሚያሳስቡኝ ነገሮች አሉ። ከቃታው በስተኋላ እንጨቱ ላይ የአውራ ጣት ርዝመት ያለው ስንጥቅ አለ። ቱቦውን ወደ ብርሃን አዙሬ ስመለከተው ጥምዝማዙ (በቱቦው ውስጥ ዙሪያውን የተቀረጸው ጠመዝማዛ መስመር) ይታያል፤ ነገር ግን ከመካከሉ ጀምሮ ጠቆር ብሏል። በቃታው ላይ የተመታው ቁጥር ከጠመንጃው ቁጥር ጋር አንድ አይደለም። በአባቴ ሣጥን ውስጥም 14 ጥይት አግኝቻለሁ፤ ዕድሜያቸውን የሚያውቅ ሰው ግን በቤቱ የለም። ይህን ዓይነት ጠመንጃ ለብዙ ዓመታት የያዛችሁ ሰዎች ምን ታዝባችኋል? ሊታመን ይችላል ወይ? ለእርሻ ጥበቃስ ይረባል? ከመንካቴ በፊት የእናንተን ምክር መስማት መርጫለሁ።

ደላንታዬ

ወንድሜ፣ አባትዎን ነፍስ ይማር። ከመንካትዎ በፊት መጠየቅዎ ትልቅ ማስተዋል ነው። እኔ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ በልጅግ ይዣለሁ፤ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የተኮስኩት ጥይት ከሁለት መቶ ይበልጣል ብዬ አላስብም። ይህን የምለው ጠመንጃን የሚያስረጀው መተኮሱ ሳይሆን ተኩሶ ማስቀመጡ መሆኑን ስላየሁ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ፣ ክረምት በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ጅብ በረታችንን ሰብሮ ሊገባ ሲል ወደ ገደሉ አቅጣጫ ሁለት ጊዜ ተኩሼ አባረርኩት። በማግሥቱ ቱቦውን በዘይት በራሰ ጨርቅ ወልውዬ፣ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ደጋግሜ፣ ከግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። ሦስት ሳምንት ቆይቼ ባወርደው ውስጡ እንደ በርበሬ ቀልቷል። እኔ ያን ያህል ደክሜ ወልውዬው ሳለ ለምን ዛገ ብዬ ብዙ አዘንኩ። ምክንያቱን የነገሩኝ አንድ በዕድሜ የገፉ የቀድሞ ወታደር ናቸው። በቀድሞ ዘመን የጦር ጥይት ግርጌ ላይ ያለችው ክብ ማቀጣጠያ ስትመታ በቱቦው ውስጥ ጨው ትተፋለች፤ ይህ ጨው እንደማንኛውም ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ዘይት ደግሞ ጨው አያሟሟም፤ ስለዚህ እኔ ያደረግሁት ጨውን በዘይት መሸፈን ብቻ ነበር። ጨውን የሚያጥበው ውኃ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓቴ አንድ ነው። በተተኮሰበት ቀን፣ ሳይመሽ፣ ጥይት አለመኖሩን በዓይኔም በጣቴም አረጋግጬ ቃታውን አወጣዋለሁ፤ በግራ በኩል ያለችውን መያዣ ወደ ውጭ ስቦ ቃታውን ወደ ኋላ መጎተት ይበቃል። ከዚያም አፈሙዙን ሳፋ ውስጥ ደፍቼ፣ ከኋላ በኩል በማንቆርቆሪያ የፈላ ውኃ አፈስበታለሁ። መጀመሪያ የሚወጣው ውኃ አመድማ ነው፤ በሦስተኛው ማንቆርቆሪያ ይጠራል። ብረቱ በእጅ የማይያዝ እስኪሆን ስለሚግል የቀረውን እርጥበት ራሱ ያደርቀዋል፤ እኔ የምጨምረው ደረቅ ጨርቅና በመጨረሻ ስስ ዘይት ነው። የቃታውንም ፊት በዚሁ ውኃ አጥበዋለሁ፤ ጨው እዚያም ይቀመጣልና። መወልወያውን ሁልጊዜ ከኋላ ያስገቡት እንጂ ከአፈሙዝ በኩል አያስገቡት፤ ዘንጉ የአፈሙዙን ከንፈር እያሻሸ በበላው ቁጥር ጥይቱ ሲወጣ ወደ አንድ ጎን ይገፋል፣ ኢላማም ይጠፋል።

ስለ አቀማመጥ፣ ከምድጃ በላይ አይስቀሉት፤ ጭስ ብረት ይበላል። በቆዳ አፎት ከትተው ክረምት አያሳልፉት፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ሲለፋ የገባበትም ነገር ብረትን ያዝጋል። የእኛን ደጋ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ይህን ልብ ይበል፦ ጠመንጃው በንጋት ውርጭ ውጭ ቆይቶ እሳት ወዳለበት ቤት ሲገባ ያልበዋል። ያን ጊዜ ወዲያው ወልውሎ መሸፈን ላቡን መቅበር ነው፤ እስኪሞቅ ጠብቆ እንደገና ማድረቅ ይገባል። ለእንጨቱ የተልባ ዘይት በመዳፍዎ እያሹ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በጥር ወይም በየካቲት፣ በትንሹ ያጠጡት። አንዳንድ ሰው ቅቤ ወይም ሞራ ይቀባል፤ ሲቆይ ይሻግታል፣ ብረቱንም ይጎዳል።

የቱቦው መጥቆር ብቻውን አያስፈራዎት። የእኔም ከዚያ ከመጀመሪያው ጥፋት የተነሣ ጠቁሯል፤ ጥምዝማዙ ሹል እስከሆነ ድረስ ግን ዛሬም በመቶ ሜትር ያስቀመጥኩትን ጣሳ አይስትም።

ጠጋኙ ከደሴ

ደላንታዬ ስለ ጨው የጻፉት ሁሉ እውነት ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ ቃታው፣ ስለ ስንጥቁና ስለ ጥይቱ ነው። ለብዙ ዓመታት በመሣሪያ ጥገና ሥራ ላይ ስለነበርኩ ከሁሉ አብልጦ የሚያሳስበኝ የቁጥሩ አለመመሳሰል ነው።

በልጅግ የሚባለው በቤልጅግ አገር በኤርስታል ፋብሪካ የተሠራ ሞዘር ነው፤ መሠረቱም ፓውል ሞዘር በ1898 እ.ኤ.አ. ያወጣው ንድፍ ነው። ቃታው ሲዘጋ ከፊቱ ያሉት ሁለት ጉልህ ጥርሶች በብረቱ ውስጥ ባለው ማረፊያ ይቆለፋሉ፤ በስተኋላ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ሦስተኛ ጥርስም አለው። እነዚህ ጥርሶች ከማረፊያቸው ጋር የሚገጣጠሙት በፋብሪካ ተለክተው ስለሆነ፣ ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ቃታ ሲገባ በቃታው ፊትና በጥይቱ ግርጌ መካከል ያለው ክፍተት ሊሰፋ ይችላል። ክፍተቱ ከሰፋ ቀለሃው (ባሩዱን የያዘው የጥይቱ ቅርፊት) ሲተኮስ ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ ከግርጌው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚያበራ ቀለበት ያወጣል፤ ሲብስ እዚያው ላይ ይበጠሳል፣ የጋለው ጋዝም ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። ስለዚህ ወንድሜ፣ ክፍተቱ በመለኪያ ሳይታይ በዚህ ጠመንጃ አንድም ጥይት አይተኩሱ። አባትዎ አርባ ዓመት ተኩሰውበት ምንም አልሆኑም ሊሉ ይችላሉ፤ ይሁንና ቃታው መቼ እንደተቀየረ እርስዎ አያውቁም። እኔ በደሴ ያየሁት አንድ ጠመንጃ ለጽዳት ከሌሎች ሁለት ጋር ተሰጥቶ፣ ሲመለስ ቃታዎቹ ተለዋውጠው ነበር፤ ባለቤቱ ያወቀው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው።

ስንጥቁ በዚያ ቦታ ላይ የተለመደ ነው። እንጨቱ በበጋ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ከሥር ያሉት ሁለት ትልልቅ ብሎኖች ይላላሉ፤ ከዚያ በኋላ በተተኮሰ ቁጥር ብረቱ ወደ ኋላ እየገፋ እንጨቱን እንደ ሽብልቅ ይሰነጥቀዋል። ጥሩ የእንጨት ሠራተኛ ስንጥቁን ከፍቶ፣ የቆየውን ዘይት አጥቦ፣ በጠንካራ ሙጫ ሊያጣብቀው ይችላል። ከዚያ በኋላ በየበጋው መጨረሻ፣ አፉ ከብሎኑ ጎድጎድ ጋር በትክክል በሚገጥም ካቻቢቴ ብሎኖቹን ይፈትሹ፤ በማይገጥም ካቻቢቴ የተበላሸ ብሎን ብዙ አይቻለሁ።

አሁን ወደ 14ቱ ጥይቶች ልምጣ። በእኔ ልምድ የዚህ ጠመንጃ ደካማ ጎን ጠመንጃው ሳይሆን ጥይቱ ነው። ጥይቶቹን አንድ በአንድ በፀሐይ ብርሃን እያዞሩ ይመልከቱ፤ በተለይ እርሳሱ የገባበትን አንገት። ቀለሃ ናስ ነው፤ ናስ ደግሞ ከከብት ሽንት የሚነሣውን ኃይለኛ ሽታ አይችልም። ይህን የእንግሊዝ ጦር በህንድ አገር በዝናብ ወራት፣ ጥይት በፈረስ ጋጣ አጠገብ አስቀምጦ ሳለ፣ ቀለሃዎቹ ማንም ሳይነካቸው ሲሰነጠቁ አይቶ ተምሮታል። በእኛም አገር ከብትና ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩበት ቤት ይኸው ይደርሳል። የፀጉር ያህል ስንጥቅ ያለበት፣ አረንጓዴ ያወጣ፣ ወይም እርሳሱ በጣት ሲነካ የሚነቃነቅ ጥይት አይተኮስም።

ምላጩ (ለመተኮስ በጣት የሚሳበው) ተስቦ ጥይቱ ሳይተኮስ ቢቀርም ቃታውን ወዲያው አይክፈቱ። ያረጀ ባሩድ ዘግይቶ ሊነሣ ይችላል፤ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት እንዳዞሩ ቢያንስ ሠላሳ ሰከንድ ይቁጠሩ።

የአምባሰሉ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ የጻፋችሁልኝን አንብቤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጥይቶቹን በነጭ ነጠላ ላይ ዘርግቼ አየኋቸው። ከ14ቱ ውስጥ አምስቱ አንገታቸው ላይ ተሰንጥቀዋል፤ አንደኛው ስንጥቅ በጥፍር ሲዳሰስ ይታወቃል። እናቴን ብጠይቃቸው ሣጥኑ ለብዙ ዘመን የተቀመጠው ከበረቱ ጋር በሚዋሰነው ጓዳ እንደነበር ነገሩኝ። እንዲህ በትክክል ይገጥማል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ቃታው እስኪመረመር ድረስ ጠመንጃውን አልነካም። የተበላሹትን ጥይቶች ምን ላድርጋቸው? የእርሻ ጥበቃውንም ነገር ማንም አልመለሰልኝም፤ ቆላ ያለው ማሽላችን ዝንጀሮና ከርከሮ በዝቶበታል።

ሐይቅ ዳር

አሰላሙ ዓለይኩም ወንድሜ። የተበላሹትን ጥይቶች ለወረዳው ፖሊስ ያስረክቡ፤ አይቅበሯቸው፣ እሳት ውስጥም አይጣሏቸው፤ ልጆች ቆፍረው ያወጡታል።

ስለ እርሻው የምነግርዎት ከራሳችን ቤት ያየሁትን ነው። በተሁለደሬ አማቴ በልጅግ ነበራቸው፤ ባለቤቴም ከእርሳቸው በኋላ ይዞታል። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ማሽላችንን ያተረፈልን ማማ ላይ የሚቀመጥ ሰው፣ ሁለት ደኅና ውሾችና በጠዋት መነሣት ናቸው። ዝንጀሮ ጠመንጃ የያዘን ሰው ከሩቁ ይለያል፤ ሰውየው ሲሄድ ይመለሳል። በከርከሮ ላይ በሌሊት መተኮስ ደግሞ ከጥይቱ ማዶ ምን እንዳለ ሳያውቁ መተኮስ ነው። የዚህ ጠመንጃ ጥይት ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፤ በእኛ አገር ደግሞ ከሸንተረሩ ማዶ ሁልጊዜ ቤት አለ፣ እረኛም አለ። ማነጣጠሪያው ላይ እስከ 2000 ሜትር ድረስ የተጻፈውን ቁጥር አይቶ የሚኩራራ ወጣት ሳይ ልቤ ይደነግጣል።

የጠመንጃ ፈቃድ የአደን ፈቃድ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። መሣሪያ መያዝን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው፤ የዱር እንስሳትን የሚጠብቀው ደግሞ ሌላ አዋጅ ነው፤ ያለ ፈቃድ ማደን ያስከስሳል። በአምባሰል ገደሎች የሚኖረው ጭላዳ ከኢትዮጵያ ሌላ በየትም አይገኝም፤ በቦረና ሳይንትና በአቡነ ዮሴፍ ያለው ቀይ ቀበሮም እንዲሁ። ከሩቅ ጭላዳን ከዝንጀሮ፣ ቀበሮንም ከውሻ የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው፤ ስለዚህ ለጥበቃ ብለው ጠመንጃውን ወደ እርሻ እንዳያወጡት እመክራለሁ። አባትዎን ያስታውስዎት፤ ለዚህ ብቻ ማቆየት በቂ ምክንያት ነው።

ደላንታዬ

እኅታችን የተናገሩት ልክ ነው፤ እኔም ካለፉት አሥር ዓመታት ወዲህ ወደ እርሻ ይዤው አልወጣሁም። ለቤት አቀማመጥ አንድ ነገር ልጨምር። በቃታው ጫፍ ያለው መጠበቂያ ሦስት ቦታ አለው፦ ወደ ግራ ሲተኛ ይተኩሳል፤ ቀጥ ብሎ ሲቆም ምላጩ አይሠራም፣ ቃታው ግን ይከፈታል፤ ወደ ቀኝ ሲተኛ ሁለቱም ይቆለፋሉ። ጥይት ማውጣት ሲፈልጉ በመካከለኛው ቦታ አድርገው ያውጡ። ይሁንና ልጆች ባሉበት ቤት እኔ መጠበቂያውን ብቻ አላምንም። ቃታውን አውጥቼ፣ በዘይት በራሰ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ባለቤቴ ቁልፉን በያዘችው ሣጥን አስቀምጠዋለሁ፤ ጥይቱ በሌላ ክፍል፣ ከበረቱ ርቆ፣ ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጣል፤ ጠመንጃው ብቻውን ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። ቃታውን ለምርመራ ወደ ደሴ ሲወስዱት ጠመንጃውንም አብረው ይውሰዱ፤ አንዱ ያለ ሌላው አይለካም። ከመንገድዎ በፊትም ለወረዳው ፖሊስ አሳውቀው የፈቃድ ወረቀቱን ከእጅዎ አይለዩ።