የአየርላንድ ሕዝብ የዝናብ ምልክቶች፦ ተፈጥሯዊ ምክንያት ያላቸው የትኞቹ ናቸው?

ጥያቄ፦
በአየርላንድ እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 1939 ድረስ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ከአያቶቻቸውና ከጎረቤቶቻቸው እየሰሙ በደብተር ባሰፈሩት የአፈ ታሪክ ስብስብ ውስጥ ስለ አየር ጠባይ የተነገረው ብዙ ነው። ድመት ጀርባዋን ለእሳቱ ሰጥታ ከተቀመጠች፣ ከጭስ ማውጫው ጥቀርሻ ከወረደ፣ ሩቅ ያለው ተራራ ቀርቦ ከታየ ወይም ጨረቃ በብርሃን ክብ ከተከበበች ዝናብ ይመጣል ይባላል። ከእነዚህ ውስጥ ተፈጥሯዊ ምክንያት ያላቸውን የምታውቁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

መልስ 1፦
አስቀድሞ ምልክቱ ስለ ሰዓታት የሚናገር ነው ወይስ ስለ ወራት የሚለውን መለየት ይበጃል። እርስዎ የጠቀሷቸው ሁሉ የሰዓታት ናቸው፤ ከእነርሱም ጠንካራው የጨረቃ ክብ ነው። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚነሣው ሞቃት አየር በቀዝቃዛው ላይ እየወጣ ሲመጣ ቀድሞ የሚደርሰው ከፍ ብሎ የተዘረጋ ስስ ደመና ሲሆን፣ በውስጡ ያሉት የበረዶ ቅንጣቶች ብርሃኑን ስለሚሰብሩት ክቡ ይታያል፤ ዝናብ ያዘለው ወፍራም ደመናም ብዙውን ጊዜ ከኋላ ይከተላል። ተራራው ቀርቦ የሚታየው ከውቅያኖሱ የመጣው አየር አቧራና ጭስ የሌለበት በመሆኑ ነው፤ ይኸው አየር ካፊያም ይዞ ይመጣል። ጥቀርሻም እርጥበት ሲጠጣ ስለሚከብድ መውረዱ አያስገርምም። ድመቷን ግን አላምናትም፤ እሳት ዳር የተኛች ድመት በጠራ ቀንም ጀርባዋን ትሰጣለች።

መልስ 2፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ስለ ወራት የሚነገሩትን ከንቱ ትንበያ ብሎ መተው አይገባም። በጁላይ 15 ቀን፣ በቅዱስ ስዊዚን በዓል፣ ከዘነበ 40 ቀን ይዘንባል የሚለውን እኔም አልቀበለውም። የዝንጉርጉሯ ላም ተረት ግን ሌላ ነው። አሮጊቷ ላም ማርች ሊያልቅ ሲል «ከእንግዲህ አይገድለኝም» ብላ ብትፎክር፣ ማርች ከኤፕሪል ሦስት ቀን ተበድሮ በብርድ ገደላት ይላሉ፤ በኤፕሪል መባቻ ያሉት ቀናትም እስከ ዛሬ በስሟ ይጠራሉ። ተረቱ የትኛው ዓመት እንደሚከፋ አይተነብይም፤ የክረምቱ ድርቆሽ በሚያልቅበት በዚያ ወቅት ባለ ከብቱ በአንድ ሞቃት ሳምንት ተታልሎ መኖውን እንዳይጨርስ ያስጠነቅቀዋል።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ጅራቷ እንደ መቀስ የተሰነጠቀው ትንሿ ወፍ ዝቅ ብላ ከበረረች ዝናብ ይመጣል የሚለውስ ከየትኛው ወገን ይመደባል?

መልስ 1፦
ከሰዓታቱ ወገን ነው፤ ሆኖም ከጨረቃው ክብ ይልቅ ደካማ ነው። ወፏ የምትከተለው በራሪ ነፍሳትን ነው፤ ሞቃት አየር ወደ ላይ በሚነሣበት ጸጥ ያለ ቀን ነፍሳቱ ከፍ ይላሉ፣ ሲቀዘቅዝና ነፋስ ሲበረታ ደግሞ ወደ መሬት ይቀርባሉ። ስለዚህ ዝቅ ብላ መብረሯ ዝናብ በሌለበት ነፋሻማ ቀንም ይታያል።