ትክክለኛው አንቀጽ በሰነዱ ውስጥ እያለ ሥርዓቱ ሌላውን የሚያመጣው ለምንድን ነው?

ጠያቂ፣ ከጅማ

ጤና ይስጥልኝ። በማና እና በጎማ ወረዳዎች ለሚሠሩ የግብርና ልማት ሠራተኞች የሚሆን፣ ስለ ቡና የሚጠየቁትን ከሰነድ ፈልጎ የሚመልስ አነስተኛ ሥርዓት ከጓደኞቼ ጋር እየገነባን ነው። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ2020 ራግ በሚል ስም የቀረበውና ዛሬ የተለመደው ነው፤ ሰነዶቹን እንቆራርጣለን፣ እያንዳንዱን ቁራጭ በባለብዙ ቋንቋ ኢምቤዲንግ ሞዴል ወደ ቬክተር፣ ማለትም ትርጉሙን ወደሚወክል የቁጥሮች ዝርዝር፣ እንለውጣለን፣ ጥያቄ ሲመጣ በትርጉም የሚቀርቡትን አምስት ቁራጮች መርጠን መልሱን ለሚጽፈው የቋንቋ ሞዴል እንሰጣለን።

የሞዴሉ አማርኛ አያሳፍርም፤ ችግሩ የሚቀርብለት ማስረጃ ነው። «74110 የተባለው ዝርያ የቡና ፍሬ በሽታን ይቋቋማል ወይ?» ብለን ስንጠይቅ ስለ 74112 እና ስለ 74165 የሚናገሩ ቁራጮች ቀድመው ይመጣሉ፤ ሞዴሉም ያንኑ ይዞ ያለ ምንም ጥርጣሬ ይመልሳል። የሚፈለገው አንቀጽ በሰነዱ ውስጥ መኖሩን አረጋግጠናል። የተሻለ የቋንቋ ሞዴል ብንከራይ ይፈታል ትላላችሁ?

ፊደል ቆጣሪ

አይፈታም። የተሳሳተ ገጽ የተሰጠው ሞዴል የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን የሚያነበው ያንኑ ገጽ ነውና ገንዘባችሁን አታባክኑ።

የጠቀሷቸው ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን ከገባ በኋላ ይህንኑ በሽታ እንዲቋቋሙ የተመረጡ በመሆናቸው፣ ስለ እያንዳንዳቸው የተጻፈው በቃልም በሐሳብም እጅግ የተቀራረበ ነው። ኢምቤዲንግ ደግሞ የሚለካው የትርጉም ቅርበትን ስለሆነ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ብቻ የሚለያዩ አንቀጾችን ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። ስለዚህ ከቬክተር ፍለጋው አጠገብ ቃሉን እንዳለ የሚፈልግ ስልት፣ ለምሳሌ ቢኤም25ን፣ አስቀምጡ። ስልቱ የ1990ዎቹ ሥራ ቢሆንም፣ 74110 ለእርሱ ከ74112 ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ሌላ ቃል ነው።

የሁለቱን ውጤት ለማዋሃድ ነጥቦቻቸውን አትደምሩ፤ መለኪያቸው የተለያየ ነው። ደረጃቸውን ተጠቀሙ፦ እያንዳንዱ ቁራጭ በየዝርዝሩ ከያዘው ደረጃ ላይ 60 ይደመርና 1 ለዚያ ይካፈላል፣ ከዚያ የሁለቱ ዝርዝሮች ውጤት ይደመራል። በአንዱ 1ኛ በሌላው 4ኛ የወጣ ቁራጭ 0.0320 ሲያገኝ፣ በሁለቱም 2ኛ የወጣው 0.0323 አግኝቶ ይቀድመዋል። ሁለቱም ስልቶች የተስማሙበት ቁራጭ ከፍ እንዲል ማድረግ ማለት ይህ ነው።

ሥነ ቃላት

በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ቢኤም25 ለአማርኛ እንዲሁ ቢጫን ከንቱ ነው። በመጀመሪያ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት በሰነዱም በጥያቄውም ወደ አንድ መልክ መልሱ፤ አንዱ ጸሐፊ «ፀረ ተባይ» ሌላው «ጸረ ተባይ» ሲል ማሽኑ ሁለት የተለያዩ ቃላት ያያል።

ከዚያ የሚከብደው ቅጥያ ነው። «በሽታ»፣ «የበሽታው»፣ «ለበሽታዎች» አንድ ጉዳይ ሆነው ሳለ ለማሽኑ ሦስት ናቸው። አንዳንዶች የመጀመሪያዎቹን በ፣ የ፣ ለ፣ ከ በጭፍን የሚቆርጥ ኮድ ይጽፋሉ፤ ያ ኮድ «በሽታ»ን «ሽታ»፣ «ከብት»ን ደግሞ «ብት» አድርጎ ያርፋል። ቃልን ከቅጥያው በትክክል የሚለይ ጥሩ የሥነ ምዕላድ መሣሪያ ከሌላችሁ ቃሉን በተደራራቢ የፊደል ቁራጮች መጠቆም፣ ማለትም ለፍለጋ መመዝገብ፣ ይሻላል። ሦስት ሦስት ፊደል ብቻ ግን አይበቃም፦ «ችግኝ» እና «ችግኞች» አንድም የጋራ ባለ ሦስት ፊደል ቁራጭ የላቸውም፣ በሁለት ፊደል ግን «ችግ» ያገናኛቸዋል። ስለዚህ ሁለቱንም ተጠቀሙ፤ ቁጥሮችን ብቻ ሳትቆርጡ ተዉአቸው፣ አለዚያ 74110 እና 74112 ተመልሰው ይቀላቀላሉ።

ጠያቂ፣ ከጅማ

እግዜር ይስጥልን። አንድ ነገር ልጨምር፤ ከልማት ሠራተኞቹ ብዙዎቹ የሚጠይቁት በአፋን ኦሮሞ ነው፣ ሰነዶቻችን ግን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ናቸው። የቃል ፍለጋ እዚህ ላይ ምን ይረዳናል?

ፊደል ቆጣሪ

ከቁጥሩ በቀር ምንም። በቁቤ የተጻፈ ጥያቄ ከአማርኛ ሰነድ ጋር አንድም ፊደል አይጋራም። ቢኤም25ን ከቬክተር ፍለጋው አጠገብ እንጂ በእርሱ ፈንታ አስቀምጡ ያላልኩትም ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ በእርሱም አብዝታችሁ አትመኩ፤ ለምሳሌ ኤክስኤልኤም-አር የተባለው ባለብዙ ቋንቋ ሞዴል በሠለጠነበት ስብስብ ውስጥ የአፋን ኦሮሞ ጽሑፍ ከአማርኛውም በእጅጉ ያነሰ ነው። ጥያቄውን አስቀድሞ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉሞ በሦስቱም መፈለግ፣ ውጤቶቹንም ከላይ ባልኩት መንገድ ማዋሃድ ይቻላል። መልሱ ግን በተጠየቀበት ቋንቋ ይሰጥ።

የሰነድ ሰው

እናንተ ስለ ፍለጋ ስትነጋገሩ እኔ ስለ ቁራጮቹ ልጠይቅ። የዝርያ መረጃ አብዛኛውን ጊዜ በሠንጠረዥ ይቀመጣል፤ የዝርያው ቁጥር በአንድ ቁራጭ፣ «ይቋቋማል» የሚለው ደግሞ በሚቀጥለው ቁራጭ ውስጥ ወድቆ ከሆነ የትኛውም ስልት አያገናኛቸውም። እያንዳንዱን ረድፍ ከዓምዶቹ ርእስ ጋር ወደ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ለውጡት፤ የሰነዱንም ርእስና ዓመት በየቁራጩ አናት ላይ ጻፉ።

ርዝመቱንም ተመልከቱ። ከባለብዙ ቋንቋ ኢምቤዲንግ ሞዴሎች ብዙዎቹ ከ512 ቶክን (ሞዴሉ ጽሑፍን የሚሰብርባቸው ትንንሽ ክፍሎች) በላይ ያለውን ያለ ማስጠንቀቂያ ይቆርጡታል፤ አማርኛ ደግሞ በቶክን ሲሰበር ከእንግሊዝኛ ይልቅ ብዙ ቦታ ይይዛል። በእንግሊዝኛ ልክ የተሰፋ የቁራጭ መጠን ከወሰዳችሁ የአንቀጾቻችሁ ጅራት ከነጭራሹ አልተጠቆመ ይሆናል። ዩኒኮድ ከተባለው የፊደላት የጋራ ኮድ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፉ የቆዩ ፒዲኤፎችም አሉ፤ በዓይን ሲታዩ ጥርት ያለ አማርኛ፣ ሲገለበጡ ግን የላቲን ምልክት ክምር ናቸው። እነዚህን በምስል ንባብ እንደገና አንብባችሁ ካላስገባችሁ በስተቀር እንደሌሉ ይቆጠራሉ።

ሥነ ቃላት

ከዚህ ሁሉ በፊት መለኪያ አብጁ። ከልማት ሠራተኞቹ እውነተኛ ጥያቄዎችን ሰብስባችሁ፣ ለእያንዳንዱ ትክክለኛውን አንቀጽ በእጃችሁ ምልክት አድርጉበት፤ ከዚያም የቋንቋ ሞዴሉን ጨርሶ ሳትጠሩ ያ አንቀጽ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ውስጥ መግባቱን ብቻ ቁጠሩ። ለውጥ ባደረጋችሁ ቁጥር ይህንኑ ድገሙ። በስብስቡ ውስጥ በሰነዶቻችሁ መልስ የሌላቸው ጥያቄዎችም ይኑሩበት፤ ሥርዓቱ በእነዚህ ላይ «በሰነዶቹ ውስጥ አላገኘሁም» ማለት ካልቻለ ለገበሬ የሚሰጥበት ጊዜ አልደረሰም።