የመንደሩ ናታራጃ ቤቱ ይመለስ ወይስ መጋዘን ይቆይ?

ከቼናይ የተመለስኩ፦
ሰላም ለሁላችሁም። አንድ ጥያቄ ላንሳ፣ ተከራከሩበት።

ደቡብ ህንድ፣ ታሚል ናዱ ውስጥ ነው የተማርኩት። ወደ አገሬ ከመመለሴ በፊት የዶርም ጓደኛዬ የተወለደበት መንደር ይዞኝ ሄደ። ካቬሪ ወንዝ የሚያጠጣው የሩዝ አገር ነው፣ ከታንጃቩር ብዙም አይርቅም። እሱ ራሱ 14 ዓመት ሙሉ አልረገጠውም። አውቶቡስ ውስጥ ያወራኝ ስለ ኩሬው፣ ስለ በዓሉ ሠረገላና ስለ ናታራጃው ብቻ ነበር። ናታራጃ የሚጨፍረው ሺቫ ነው፤ በእሳት ቀለበት መሀል አንድ እግሩን አንስቶ።

ስንደርስ ቤተ መቅደሱ ተቆልፏል። ቁልፉ እዚያው ጎረቤት አንዲት አሮጊት ጋ ነው፣ መጥተው ከፈቱልን። እኔ ሂንዱ ስላልሆንኩ ከባንዲራው ምሰሶ አላለፍኩም። የሌሊት ወፉ ሽታ ግን እኔ ያለሁበት ድረስ ይመጣል። ጓደኛዬ ገብቶ ወዲያው ወጣ። ድንጋዩ ሊንጋም፣ ማለትም የሺቫ ምልክት የሆነው ዓምድ፣ ቦታው አለ፣ በቀን አንዴ መብራት ይበራለታል። የነሐሶቹ ምስሎች፣ የናታራጃውም ጭምር፣ ቦታ ባዶ ነው። የወሰዳቸው ደግሞ ሌባ አይደለም፣ መንግሥት ነው፤ «ለደህንነታቸው» ብሎ። ቲሩቫሩር ከተማ ትልቅ ማከማቻ አለ፣ ከየመንደሩ የተሰበሰቡ በሺዎች የሚቆጠሩ ምስሎች እዚያ ተቆልፎባቸዋል። ጓደኛዬ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ፣ ለረጅም ሰዓት አልተነሳም።

ጥያቄዬ፦ ወደየመንደራቸው ይመለሱ ወይስ እዚያው ይቆዩ? እኔ ይመለሱ ባይ ነኝ። ለአማኞቹ ይሄ ዕቃ አይደለም። ይታጠባል፣ ይለብሳል፣ ምግብ ይቀርብለታል፣ በበዓል በትከሻ ተሸክመው መንደሩን ያዞሩታል። መጋዘን ውስጥ ማን ያለብሰዋል?

ጎንደሬው፦
«ምስል» እያልክ አታሽሞንሙነው ወንድሜ። ጣዖት ነው። እኛን ምን አገባን?

ከቼናይ የተመለስኩ፦
ባንተ ቃል ይሁን። ግን ስለ እምነቱ እውነትነት አልጠየቅኩም። የአንድ መንደር ሰው በጣም የሚወደውን ነገር ማን ይጠብቅለት ነው ያልኩት። ይሄ እኛንም ያገባናል።

ቅርስ ጥበቃ ላይ የሠራሁ፦
ስሜቱ ይገባኛል፣ ግን አልስማማም። ስሪፑራንታን የሚባል መንደር አለ፣ እዚያው ታሚል ናዱ። ብዙም ሰው የማይሄድበት ቤተ መቅደስ ውስጥ ናታራጃ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሌቦች ሰብረው ወሰዱት። መሰረቁ የታወቀው ከ2 ዓመት በኋላ ነው! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። በዚያው በ2008 የአውስትራሊያ ብሔራዊ ጋለሪ ሱባሽ ካፑር ከሚባል የኒውዮርክ ነጋዴ በ5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቶት ነበር። የተገኘውም መንደሩ ስለጮኸ አይደለም። ፑዱቼሪ ያለው የፈረንሳይ ተቋም ቀደም ብሎ ያነሳው ፎቶ ስለነበር ነው። ፎቶውን ከጋለሪው ምስል ጋር ሲያስተያዩት አንድ ሆነ። በ2014 ተመለሰ። ነጋዴው በ2022 ኩምባኮናም ፍርድ ቤት 10 ዓመት ተፈረደበት።

እንግዲህ ልጠይቅህ። የክልሉ መሥሪያ ቤት ከ36 ሺህ በላይ ቤተ መቅደሶችን ነው የሚያስተዳድረው። ለ36 ሺህ በር ከየት ይመጣል ዘበኛ?

መምህርት ከደሴ፦
ዘበኛ የለም ተብሎ ባለቤቱ ይቀማል እንዴ? አፍሮ አይገባን አስታውሱ። የላሊበላው መስቀል በ1989 ዓ.ም. ከመድኃኔዓለም ተሰረቀ። ቤልጂየማዊ ሰብሳቢ እጅ ተገኘ። 25 ሺህ ዶላር ተከፍሎበት በ1993 መጣ። ያኔ አንድ ሰው ተነስቶ «አዲስ አበባ ካዝና እናስቀምጠው» ቢል ላስታ ዝም የሚል ይመስላችኋል? መስቀሉ ወደ ቤቱ ነው የሄደው፣ ሕዝቡ ሊባረክበት።

ቅርስ ጥበቃ ላይ የሠራሁ፦
መምህርት፣ ላሊበላ እኮ ካህን ሞልቷል። ሌት ተቀን ሰው አለ። እሱ ያየው መንደር ቁልፉ አሮጊት ጋ ነው ያለው። አይወዳደሩም።

ከለንደን፦
በዚህ ጉዳይ የለንደን ፍርድ ቤትም እጁ አለበት። ፓቱር የሚባል መንደር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1976 አንድ የቀን ሠራተኛ ሲቆፍር ነሐስ አገኘ። የድሮ ሰዎች ዘራፊ መጣ ሲባል ምስሎቻቸውን መሬት ይቀብሩ ነበር። ናታራጃው በድብቅ ተሸጦ ለንደን ደረሰ፣ አንድ የካናዳ ኩባንያ ገዛው። ክርክሩ በ1991 ሲያልቅ ይግባኝ ሰሚው ችሎት ምን አለ? ፈራርሶ የቆመው ቤተ መቅደስ ራሱ ከሳሽ መሆን ይችላል! ምስሉ ለህንድ ተሰጠ። ግን ወደ ፓቱር አልሄደም። ያው ቲሩቫሩር መጋዘን ገባ። ቤተ መቅደሱ በራሱ ስም ተከራክሮ ካሸነፈ በኋላ ንብረቱ ለሌላ መሰጠቱ ነው የሚያናድደኝ።

እዚሁ ከተማ ብሪቲሽ ሙዚየም ከመቅደላ የተወሰዱ 11 ታቦቶቻችን ተቀምጠዋል። ማንም አያያቸውም፣ ሠራተኞቹም ጭምር። በጣም ደህና ናቸው። ደህንነት ብቻውን በቂ ቢሆን ኖሮ ለምን እንጮሃለን?

ጎንደሬው፦
ታቦትን ከዚህ ጋር አታወዳድሪ እባክሽ።

ከለንደን፦
ያወዳደርኩት የተቀመሙበትን ሕዝብ ነው እንጂ... ይቅርታ፣ «የተቀሙበትን» ለማለት ነው። ስልኬ ነው።

ባንጋሎር ያለሁ፦
ሁላችሁም «መንደሩ» ትላላችሁ። የትኛው መንደር? እዚህ አገር ቤተ መቅደሱ ዙሪያ የሚኖረው አንድ ወገን ነው፣ ዳሊቶች፣ ማለትም «የማይነኩ» ተብለው የተገለሉት፣ ዳር ላይ ናቸው። ወደ ቤተ መቅደስ እንዲገቡ የሚፈቅደው የማድራስ (ያኔ ታሚል ናዱ ያለችበት ግዛት) ሕግ እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣ ነው። እስከ ዛሬ ግን ጣጣው አላለቀም። በ2023 ታሚል ናዱ፣ ቪሉፑራም አካባቢ፣ ሜልፓቲ የሚባል ቦታ፣ ዳሊቶች እንዳይገቡ ተከልክለው ጠቡ ስለከረረ ባለሥልጣናት ቤተ መቅደሱን አሸጉት። ስለዚህ ናታራጃው ተመለሰ እንበል። ማን ነው ፊቱ የሚቆመው? ጓደኛህ ያንን ሰፈር አሳይቶሃል?

ከቼናይ የተመለስኩ፦
አላሳየኝም። 2 ቀን ነው የቆየነው። ኩሬውን፣ አያቱ የኖሩበትን ቤት፣ የተዘጋውን ትምህርት ቤት ሁሉ አይተናል። በዚያ በኩል ግን አልሄድንም፣ እኔም አልጠየቅኩም። አሁን ስትለው ነው የገባኝ።

ጓደኛዬን ትናንት በስልክ ጠየቅኩት። ትንሽ ዝም አለና «ልጅ ሆነን ሠረገላው እዚያ አይደርስም ነበር» አለኝ።

መምህርት ከደሴ፦
ይሄ ከባድ ነው። ግን ለመጋዘኑ መከራከሪያ አይሆንም። መጋዘን ውስጥ ለማንም አይደርስም። መንደሩ ውስጥ ካለ ቢያንስ የሚጣሉበት ነገር አለ።

በህንዶች የተማርኩ፦
ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። በእኛ ጊዜ ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማሩን ህንዶች ነበሩ፣ ብዙዎቹ ከኬረላ፣ ክርስቲያኖች። አንዱ ስለ መንደራቸው ሲያወሩ ዕንባ ይቀድማቸው ነበር። ጡረታ ሲወጡ ግን መንደር አልገቡም፣ ልጆቻቸው ጋ ሄዱ። ልጄ፣ ያ ጓደኛህስ መንደሩ ገብቶ ሊኖር ነው? ወይስ አምላኩ ብቻውን ይመለስ ነው የሚለው?

ከቼናይ የተመለስኩ፦
ጋሼ፣ በትክክል ነክተውታል። ቼናይ ቤት እየገዛ ነው። እዚያ ሰፈር ከነበሩት የካህናት ቤተሰቦች አንድም የቀረ የለም ብሎኛል። አሁን አንድ ቄስ በሞተር ብስክሌት ይመጣል፣ ለ4 መንደር መብራት አብርቶ ይሄዳል።

ቅርስ ጥበቃ ላይ የሠራሁ፦
እንግዲያው መሀል መንገድ አለ። ብዙ ቦታ እንዲህ ያደርጋሉ፦ በበዓል ቀን ምስሉን ከማከማቻው በፖሊስ አጅበው ያመጣሉ፣ በዓሉ ሲያልቅ ይመልሱታል። ሁሉም ቤተ መቅደስ ጠንካራ ክፍልና ካሜራ እስኪኖረው ድረስ ይሄ ይሻላል። በነገራችን ላይ ታንጃቩር ያለው ትልቁ ቤተ መቅደስ እ.ኤ.አ. ከ1010 ጀምሮ ቆሟል፣ የዓለም ቅርስ ነው፣ ሰውም ጥበቃም ሞልቶታል። የሚቸገሩት ትናንሾቹ ናቸው።

ከለንደን፦
እሱን ነው የምልህ። ሀብታሙ አምላኩን ቤቱ ያስቀምጣል፣ ድሃው በቀጠሮ ይጎበኛል።

ከቼናይ የተመለስኩ፦
እዚያም መንደር ሞክረውታል። አሮጊቷ ነግረውናል። አምና በጭነት መኪና መጣ፣ 2 ፖሊስ አብሮት። ከመጨለሙ በፊት መመለስ ስላለበት ሌሊት ይደረግ የነበረው ሥርዓት ቀን ላይ ተደረገ። «ለልጁ ሠርግ ፈቅደውለት እንደወጣ እስረኛ ነበር» አሉ። ጓደኛዬ ሲተረጉምልኝ ሳቀ፣ እሳቸው ግን አልሳቁም።

ባንጋሎር ያለሁ፦
ማን ተሸከመው?

ከቼናይ የተመለስኩ፦
ጓደኛዬም መጀመሪያ የጠየቀው እሱን ነው። ድሮ 16 ወንድ ነበር የሚሸከመው፣ አባቱም አንዱ ነበሩ። አምና 16 ሰው አልሞላም። ትራክተር ላይ ጭነው አዞሩት። ትራክተሩን የነዳው ልጅ ደግሞ ከዚያኛው ሰፈር ነው አሉ።