የሐዋሳ ሐይቅ የሁለት ክልል ነው፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች አብረው ምን ሊያወጡ ይችላሉ?

አሞራ ገደል (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ በማታው መርሐ ግብር ሕግ እማራለሁ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የመረጥኩት ርእስ ከአንድ ክልል በላይ የሚጋሯቸው ሐይቆች ጥበቃ ነው።

ሐሳቡ የመጣልኝ ስለ ሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ሳነብ ነው። እነዚያ አምስት ሐይቆች በምድር ገጽ ላይ ካለው ጨው አልባ ውኃ አንድ አምስተኛ ያህሉን የያዙ ሲሆን፣ ከሚያዋስኗቸው ስምንት የአሜሪካ ግዛቶችና ከካናዳዎቹ ኦንታሪዮና ኩቤክ የተውጣጡ የሕግ አውጪ ምክር ቤት አባላት የፓርቲ ልዩነታቸውን ወደ ጎን ትተው ስለ ሐይቆቹ ብቻ የሚመክሩበት ጉባኤ አላቸው። የእኛ ሐይቅ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በእነርሱ ፊት እንደ ቡና ስኒ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ክልሎች ይጋሩታል። ቀድሞ የደቡብ ክልልና የኦሮሚያ ነበር፤ ከሰኔ 2012 ወዲህ ደግሞ የሲዳማና የኦሮሚያ ሆኗል።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ሕገ መንግሥቱ ክልሎችን የሚያገናኙ ሐይቆችን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቶ ሳለ፣ የሲዳማ ክልል ምክር ቤትና ጨፌ ኦሮሚያ በጋራ የሚሠሩት ሥራ ይኖራል? ወይስ ጽሑፌን ገና ሳልጀምረው ልተወው?

አንቀጽ 51

አይተዉት። ጥያቄዎ ውስጥ ግን ሁለት ነገሮች ስለተቀላቀሉ መጀመሪያ እንለያቸው።

የጠቀሱት የሕግ አውጪዎች ጉባኤ ሕግ አያወጣም፤ የውሳኔ ሐሳብ ያሳልፋል፤ ያም ማንንም አያስገድድም። በዚያ አካባቢ አስገዳጅ የሆነው ሌላ ሰነድ ነው፤ እርሱም የሐይቆቹ ውኃ ከተፋሰሱ ውጭ እንዳይወሰድ በጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ብቻ ፈቅዶ የሚከለክለው የስምንቱ ግዛቶች ስምምነት ነው። አገረ ገዥዎቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ተስማሙበት፤ ከዚያም ስምንቱም ምክር ቤቶች አንዱን ጽሑፍ በየራሳቸው ሕግ አድርገው አጸደቁት፤ የፌዴራሉ ኮንግረስ ከተቀበለው በኋላ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2008 ሥራ ላይ ዋለ። አንድ የጋራ ምክር ቤት አላወጣውም። ስምንት ምክር ቤቶች አንድ ዓይነት ሕግ አወጡ እንጂ። ለጽሑፍዎ የሚጠቅምዎት ይህ መንገድ ይመስለኛል።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 11 ከአንድ ክልል በላይ የሚያገናኙ ወንዞችንና ሐይቆችን አጠቃቀም የመወሰንና የማስተዳደር ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ይሰጣል። አንቀጽ 52 ንዑስ አንቀጽ 2 ፊደል መ ደግሞ ክልሎች የፌዴራሉን ሕግ ተከትለው መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን እንደሚያስተዳድሩ ይደነግጋል። እንግዲህ ሐይቁ ለፌዴራል፣ ሐይቁን የከበበው መሬት ለክልሎች ሆነ ማለት ነው። በዚህ ላይ አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 9 የፌዴራል መንግሥት ሥልጣኑን ለክልሎች በውክልና ሊሰጥ እንደሚችል ይፈቅዳል። የመንግሥታት ግንኙነት ሥርዓትን የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 1231/2013ም የሕግ አውጪ አካላትን የግንኙነት መድረክ ያውቃል። ስለዚህ ለመነጋገር ብቻ ከሆነ አዲስ ሥልጣን መለመን አያስፈልግም።

የተፋሰስ ባለሙያ

ከላይ የተሰጠው መልስ ከሕግ አንጻር ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ አፈሩ ነው፤ ጉዳዩም በአብዛኛው ያለው እዚያ ነው።

የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። ውኃው እንደዚህም ሆኖ ጨዋማ አለመሆኑ ብዙ ጊዜ የሚገለጸው ከሥር በሚሰርገው ውኃ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚገባለት ወንዝ ጥቁር ውኃ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ከወንዶ ገነት በኩል ካለው ከፍታ የሚወርዱትን ጅረቶች ሰብስቦ በጨለለቃ ረግረግ አልፎ ይመጣል። ጨለለቃ ከሃምሳ ዓመት በፊት ራሱን የቻለ ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ ረግረግና የግጦሽ መሬት ነው። ደለል ሞልቶታል። ረግረጉ እንደ ወንፊት ሆኖ አፈሩንና ቆሻሻውን ያስቀር ነበር፤ ወንፊቱ ሲደፈን የሚቀጥለው ተቀባይ ሐይቁ ይሆናል። መውጫ በሌለው ሐይቅ ውስጥ የገባ ደለል ደግሞ ተመልሶ የሚሄድበት የለም።

አሁን ካርታውን ይዘርጉት። የተፋሰሱ ደጋ ከፊሉ በሲዳማ፣ ከፊሉ በኦሮሚያ ምዕራብ አርሲ ዞን ነው። የአንዱ ክልል ገበሬ እርከን ሠርቶ የጎረቤቱ ቁልቁል ካረሰ፣ ጎርፉ ወሰን አይቶ አይቆምም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲከፈት የፍሳሽ ማጣሪያው ፍሳሹን መልሶ እንዲጠቀምበት ሆኖ መሠራቱ መልካም ነበር። ነገር ግን ከተማ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ከደጋ የሚወርደውን አፈር አይመለከትም።

አሞራ ገደል ስለ ታላላቅ ሐይቆች ካነሡ አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 ቶሌዶ በተባለችው የኦሃዮ ከተማ የሆነውን ያንብቡ። በኤሪ ሐይቅ ላይ የተነሣው መርዛማ አልጌ ወደ ቧንቧው ውኃ ስለገባ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ለጥቂት ቀናት ውኃውን እንዳይጠጣ ተነገረው። አልጌውን የመገበው በአብዛኛው በመውሚ ወንዝ የመጣው የማሳ ማዳበሪያ ሲሆን የወንዙ ተፋሰስ በኦሃዮ፣ በኢንዲያናና በሚሺጋን ይዘረጋል። ያን ጊዜ ያ ሁሉ ስምምነት ከጸደቀ ስድስት ዓመት ሊሞላው ነበር፤ ነገር ግን ስምምነቱ የሚከለክለው ውኃ መውሰድን እንጂ ማዳበሪያ መልቀቅን አይደለም። እኛም ያንኑ ብንገለብጥ፣ ማንም ከሐዋሳ ሐይቅ ውኃ ቀድቶ እንዳይሄድ እንከለክልና ደለሉን ስንጠብቅ እንኖራለን።

በነገራችን ላይ ለዝዋይ፣ ማለትም ለደንበል ሐይቅ፣ የውኃ መውሰድ ጉዳይ ግንባር ቀደም ነው። ሐይቁ ኦሮሚያ ውስጥ ቢሆንም መቂ ወንዝ የሚነሣው ከጉራጌ ተራሮች ስለሆነ፣ እርሱም የሁለት ክልል ጉዳይ ነው፤ ቀድሞ የደቡብ ክልልና የኦሮሚያ ነበር፤ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ከተመሠረተ ወዲህ ደግሞ የእርሱና የኦሮሚያ ሆኗል። ከዝዋይ የሚወሰደው ሲበዛ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ የሚሄደው ያንሳል፤ አብያታም ለዓመታት ሲሸሽ አይተነዋል።

መረበኛው

ልጆቼ፣ ስለ አንቀጽ አላውቅም፤ ሐይቁ ላይ ግን ሠላሳ ዓመት ቀዝፌያለሁ። የሕግ ልዩነት ምን እንደሚያደርግ የማውቀው በመረብ ነው።

ቆሮሶ የተባለው ዓሣ የሚራባው በዳርቻው ደንገል ዘንድ፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ነው፤ እንቁላሉንም ጫጩቱንም እናቲቱ በአፏ ይዛ ታሳድጋለች። ያን ጊዜ ዓይኑ የጠበበ መረብ የጣለ ሰው እናቲቱን ከነልጆቿ ወሰደ ማለት ነው። አንድ ጊዜ በአንዱ ዳርቻ ተቆጣጣሪዎች ጠባብ መረቦችን ሲሰበስቡ፣ መረቡን ያልተነጠቀው ጀልባውን እየቀዘፈ ማዶ ተሻግሮ እዚያው ጣለው። ማዶ ያሉትም የሰውን ክልል ሥራ ምን አግብቶን ብለው ዝም አሉ። እኔ ሕግ አክብሬ ሰፊውን መረብ ይዤ ባዶ እጄን ስገባ፣ እርሱ ጣት የምታክል ዓሣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ አምጥቶ ሸጠ። እናንተ የተማራችሁ ሌላውን ሁሉ ተዉትና፣ የመረቡ ዓይንና ማጥመድ የሚከለከልበት ወር በሁለቱም ዳር አንድ ይሁን።

አሞራ ገደል (ጠያቂ)

ጋሼ መረበኛው፣ ከልብ አመሰግናለሁ። የተፋሰስ ባለሙያው በነገሩኝ መሠረት ርእሴን ከውኃው ወደ መሬቱ ላዞረው ነው። አንድ ነገር ግን አልገባኝም፦ ሁለቱ ምክር ቤቶች አንድ ዓይነት አዋጅ ቢያወጡ እንኳ፣ ነገ አንደኛው ብቻውን ቢያሻሽለውስ? የእርከኑንስ ወጪ ማን ይሸፍናል?

አንቀጽ 51

የመጀመሪያው ስጋት እውነተኛ ነው፤ በአሜሪካ ስምምነቱ በኮንግረሱ ከጸደቀ በኋላ አንዱ ግዛት ብቻውን ሊለውጠው አይችልም። እኛ ዘንድ ይህን ለመተካት ሁለቱም አዋጆች ማሻሻያ ከመደረጉ በፊት ሌላኛውን ምክር ቤት በጽሑፍ የማሳወቅና አስተያየቱን የመጠበቅ ግዴታ ሊያስገቡ ይችላሉ። ጠንካራ ማሰሪያ አይደለም፤ አንዱ ክልል ከፈለገ ይጥሰዋል፤ ሆኖም በአደባባይ ይጥሰዋል።

ወጪውን በተመለከተ ከባዱ ይህ መሆኑን አልሸሽግዎትም። በሐይቁ የሚጠቀመው በአብዛኛው ታች ያለው ከተማ ሲሆን እርከን የሚሠራው ላይ ያለው ገበሬ ነው። ስለዚህ በየምክር ቤቱ በጀት ውስጥ ለተፋሰሱ የተለየ መደብ ቢኖርና ቋሚ ኮሚቴዎቹ አፈጻጸሙን በዓመት አንድ ጊዜ በጋራ ወጥተው ቢገመግሙት፣ ቢያንስ ማን እንዳልከፈለ ይታወቃል። እኔ ብሆን ግን ከጋሼ መረበኛው ሐሳብ እጀምር ነበር። የመረብ ዓይን መጠን ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሁለት ስብሰባ ነው፤ አንዱ ሐዋሳ፣ አንዱ ጨፌው ብዙ ጊዜ ጉባኤውን በሚያካሂድበት አዳማ።