ለማገዶ የሚሆን መካከለኛ የሞተር መጋዝ፦ የቱን ልግዛ?

ሱሉልታ ዳር፦

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ሱሉልታ ነው፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ። ጓሮአችን አባቴ የተከለው ነጭ ባሕር ዛፍ አለ። እናቴ እንጀራ እየጋገረች ለሁለት ምግብ ቤቶች ታስረክባለች። በሳምንት አራት ቀን ምጣድ ይጣዳል። ማገዶ እኛ ቤት እንደ ጤፍ የሚታሰብ ነገር ነው።

እስካሁን የምንሠራው በመጥረቢያና ሁለት ሰው በሚስበው መጋዝ ነበር። ወንድሜ ለሥራ ጅማ ከሄደ ወዲህ ግን የመጋዙን ሌላ ጫፍ የሚይዝልኝ የለም። ባለፈው ጥቅምት ባለ ሞተር መጋዝ ቀጠርኩ። እኔ ሁለት ሳምንት የሚፈጅብኝን በግማሽ ቀን ጨርሶት ሄደ። ያን ቀን ቆሜ ሳየው ልቤ እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ሳጠራቅም ቆይቼ አሁን ሞላልኝ።

ወፍራም የሚባለው ግንድ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። አብዛኛው ከ20 አይዘልም። ሱቅ ስዞር ሦስት ዓይነት አየሁ። አንዱ 58 ሲሲ (የሞተሩ ሲሊንደር ይዘት) የተጻፈበት፣ በጣም ርካሽ የቻይና ዕቃ ነው። ሁለተኛው ሽቲል ኤምኤስ 250፣ ሦስተኛው ሁስቅቫርና 450። አንድ ሻጭ «ሲሲው ሲበዛ ነው የሚሠራው፣ ትልቁን ውሰድ» አለኝ። እውነት ነው? እኛ አካባቢ ከፍታው ሞተር ያደክማል የሚሉም አሉ። ገንዘቡ የአንድ ዓመት ልፋት ነውና የምታውቁ ምከሩኝ።

ባለ ጋራዥ፣ ሰበታ፦

ወንድሜ፣ ለ30 ሳንቲ ሜትር ግንድ ከ45 እስከ 50 ሲሲ ይበቃሃል። ሲሲ ብቻ አትይ፣ ኪሎ ዋቱን፣ ማለትም ጉልበቱን፣ ጠይቅ። ኤምኤስ 250 45.4 ሲሲ ነው፤ ጉልበቱ 2.3 ኪሎ ዋት፣ ክብደቱ ባር (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅሙ ብረት) እና ሰንሰለት ሳይጨመር 4.6 ኪሎ። ሁስቅቫርና 450 50.2 ሲሲና 2.4 ኪሎ ዋት ነው፤ ከበድ ይላል። አየህ፣ በጉልበት ያን ያህል አይራራቁም። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለህ ስትቆርጥ ግን ግማሽ ኪሎም ወገብ ላይ ይታወቃል። 58 ሲሲ ተብለው እኔ ጋ ለጥገና ከመጡት ውስጥ ሲሊንደራቸውን ስለካ ከዚያ ያነሱ አግኝቻለሁ። ደግሞ መለዋወጫቸው ዛሬ ካለ ነገ የለም።

ስለ ከፍታው የነገሩህ እውነት ነው። ሱሉልታ 2,600 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ አየሩ ባሕር ጠለል ላይ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል ይሳሳል፣ የሞተሩም ጉልበት በዚያው ልክ ይወርዳል። 2.3 የተባለው ኪሎ ዋት እናንተ ጋ 1.7 አካባቢ ነው። ሌላው ችግር፣ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ሞተሩ ይታፈናል፣ ያጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። አዲሱን ዕቃ ይዘህ ካርቡራተሩን፣ ቤንዚንና አየር የሚደባልቀውን ክፍል፣ የሚያውቅ ሰው ጋ ሂድ፤ እናንተ አካባቢ ላይ አስነሥቶ ያስተካክልልህ። ራስህ በካቻቪቴ አትነካካው። ቤንዚኑን ከልክ በላይ ከቀነስክበት ፒስተኑ ይቃጠላል። በራሱ የሚያስተካክል ሞዴልም አለ፣ ሽቲል ኤም-ትሮኒክ ይለዋል፣ ሁስቅቫርና ደግሞ አውቶቲዩን። ዋጋው ግን ይጨምራል።

የነዳጁ ድብልቅ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር የቱ-ስትሮክ ዘይት ነው። የመኪና ሞተር ዘይት እንዳታደርግበት። ለወር የሚበቃህን ብቻ ደባልቅ።

የመናገሻው፦

ልጄ፣ የገዛኸው የትኛውም ይሁን፣ ሰንሰለቱ ከደነዘ ዋጋ የለውም። ከመጋዙ ጋር ክብ ሞረድ ግዛ። ለኤምኤስ 250 ሰንሰለት 4.8 ሚሊ ሜትር ነው የሚሆነው። ቤንዚን በሞላህ ቁጥር እያንዳንዱን ጥርስ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞርድ። ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ወደ ፊት ብቻ ግፋ፤ ሞረዱን ስትመልስ አንሣው። ስለቱን በሚወጣው ታውቀዋለህ። ፍቅፋቂ እየተወረወረ ከወጣ ደህና ነው። እንደ ዱቄት የላመ ሰጋቱራ ከሆነ ደንዟል፣ ቁምና ሞርድ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተጭኖ ሊያስገድደው ይሞክራል። ባሩ ይግላል፣ ክንድህም ይዝላል።

በባሩ ጫፍ፣ በተለይ በላይኛው በኩል፣ እንጨት አታስነካ። ሰንሰለቱ እዚያ ሲነክስ መጋዙ ወደ ፊትህ ነው የሚነሣው። የግራ እጅህ አውራ ጣት መያዣውን ከሥር ይቆልፈው። ከመግዛትህ በፊትም የፊት ፍሬኑን ግፋና በትክክል መያዙን እይ።

አንድ ነገር ልጨምር። ባሕር ዛፍ በአጼ ምኒልክ ጊዜ፣ በ1880ዎቹ ነው የመጣልን፤ አዲስ አበባ ዙሪያዋን ጨርሳ ማገዶ ባጣች ጊዜ። ይኸው እስካሁን የሚያቆየን ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ ነው። የአባትህን ዛፍ ከመሬት አንድ ስንዝር ሳይሞላ ዝቅ አድርገህ፣ ውኃ እንዲፈስስ ጋደል አድርገህ ቁረጠው። ቅርፊቱ ከጉቶው እንዳይላጥ። በመጥረቢያ ሲቆረጥ ይተለተላል፤ በደንብ በተሞረደ መጋዝ ግን ንጹሕ ሆኖ ይቀራል፣ ቡቃያውም በጤነኛ ቅርፊት በኩል ይወጣል።

ለገጣፎ፦

እኔ የምለው ስለ እንጨቱ ነው። ባሕር ዛፍ እርጥቡን ካልተፈለጠ በኋላ ብረት ነው። በቆረጥክበት ሳምንት ፍለጠው፣ ከመሬት ከፍ አድርገህ ደርድረው፣ ላዩን ብቻ በቆርቆሮ ሸፍነው። የኅዳሩ ለክረምት ይደርሳል። እናትህም ከእርጥብ እንጨት ጪስ ትገላገላለች። በተረፈ ያለ ወፍራም ሱሪ፣ ቦት ጫማና የጆሮ መከለያ አትጀምር። ጎረቤታችን በቀላል ሱሪ ሲቆርጥ ጭኑን አግኝቶት ሦስት ወር ተኝቷል።

ሱሉልታ ዳር (ከአምስት ሳምንት በኋላ)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኤምኤስ 250ን ባለ 16 ኢንች ባሩን ወሰድኩ። ሱቁ ውስጥ ሁለቱንም አንሥቼ ያዝኳቸው፤ ሁስቅቫርናውም ደስ ይላል፣ ግን ቀለል ያለው ለእጄ ሆነ። ባለ ጋራዥ እንዳልከው የመጀመሪያው ቀን ታፍኖ ነበር። ሰፈራችን ያለ መካኒክ ግቢያችን ድረስ መጥቶ አስተካከለልኝ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ራሱ ተለወጠ። ጠርቶ ይጮኻል።

የመጀመሪያውን ግንድ ስቆርጥ እንዴት እንደገባ ልንገራችሁ። አልተጫንኩትም። በራሱ ክብደት ብቻ እየሰመጠ ሄደ። ፍቅፋቂው ሱሪዬ ላይ እንደ ገብስ ቆሎ ተበተነ። ግቢው በሙሉ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ሸተተ፣ ልጅ ሆነን ጉንፋን ሲይዘን እንደሚያጥኑን። በሁለት ሰዓት ውስጥ የወር ማገዶ ቆርጬ ጨረስኩ። ሞተሩን ሳጠፋው ጆሮዬ እስኪለምድ ዝም ብዬ ቆምኩ። እናቴ በረንዳ ላይ ቆማ ታይ ነበር። ወረደችና ቁራጮቹን በምጣዱ ምድጃ ልክ እየለካች «ይሄን ያህል ይሁን» አለችኝ። አሁን ሁሉንም በ40 ሳንቲ ሜትር ነው የምቆርጠው፣ ምድጃው ውስጥ ግጥም ይላል።

ጋሼ የመናገሻው፣ እርስዎን አንድ ነገር ልጠይቅ። ከሦስተኛው ሙረዳ በኋላ ቀጥ ብሎ መግባት ትቶ ወደ ግራ እየጠመመብኝ ነው። ባሩ ይሆን?

የመናገሻው፦

ባሩ አዲስ ነው፣ አይመስለኝም። የግራዎቹ ጥርሶች ስለት በልጠዋል ማለት ነው፤ በሚመችህ በኩል አጥብቀህ ሞርደሃል። የቀኞቹን ሁለት ሁለት ጊዜ ጨምርላቸውና በቀጭን እንጨት ሞክረው። ከዚያ በኋላ በሁለቱም በኩል እየቆጠርክ ሞርድ።

ሱሉልታ ዳር፦

አሁን ሞከርኩት ጋሼ። ቀጥ ብሎ ገባ።